የፍሪጁ ደጋፊ

የአባ መዝጊያ ሥራ ፍሪጅ መደገፍ ነበር። ይህን ሲሰማ የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት አንድ ብርጭቆ ወተት ሳይጎመዝዝ የቆየው ግን በሳቅ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ፍሪጅ አሮጌ ነው። ሲነሳ ያጉረመርማል፤ ሊያርፍ ሲል ደግሞ መላ አካላቱን አንቀጥቅጦ አናቱ ላይ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ ያንቃጭላል። በዚህ አመሉ ቤተሰቡ "ሻለቃ" ብሎታል። ሻለቃ ማቀዝቀዝ አላቃተውም። ያቃተው በሩን ዘግቶ መቀመጥ ነው። ትዘጋዋለህ፣ ይዘጋል። ፊትህን ስታዞር ስሙን የጠራው ሰው ያለ ይመስል ቀስ ብሎ ይከፈታል። ከዚያ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ቅዝቃዜው ወለል ለወለል ይፈስሳል፣ ወተቱ ይጎመዝዛል። ስለዚህ አንድ ሰው መደገፍ አለበት።

"ለምን ድንጋይ አታስደግፉትም?" የሚል ብልህ በየዓመቱ አይጠፋም። ድንጋይ ተሞክሯል። ድንጋይ መደገፉን ይደገፋል፤ ግን ውሃ የጠማው ሰው ሲመጣ ተነስቶ መንገድ አይለቅም። ገመድም ተሞክሯል፤ ቋጠሮው እስኪፈታ ሰው የመጣበትን ይረሳል። ሌሊት ሌሊት የምግብ ጠረጴዛው ተገፍቶ በሩን ይይዛል። ቀን ግን ጠረጴዛው ሥራ አለበት። በዚያ ቤት ቀን ቀን ሥራ ያልነበረው አባ መዝጊያ ብቻ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሳሙና ፋብሪካ በር ጠባቂ ነበር፤ አባ መዝጊያ ያሉትም የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ከዚያ አንድ ሰኞ ፋብሪካው በራሱ የሚከፈት፣ በራሱ የሚዘጋ በር አስገባ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ጨብጦ አመሰገነውና የደንብ ልብሱን "ለማስታወሻ ይሁንህ" ብሎ ተወለት። ስድሳ ዓመቱ ነበር። ሰው በበር ሲተካ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው የተተካ ብቻ ነው፤ እሱም ለማንም አልተነፈሰም። ጥቂት ወራት መግቢያ መውጫው ጠፍቶት ሲንከራተት ከርሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ የሻለቃ በር ተበላሸለት።

መደገፍ እንደሚያወሩለት ቀላል አይደለም። ትከሻህን ከእጀታው ዝቅ አድርገህ ታሳርፋለህ፤ የቀኝ ተረከዝህን ከፍሪጁ እግር ጋር ታገጣጥማለህ፤ ክብደትህን አትጥልበትም፣ ታውሰዋለህ እንጂ። ከመጠን በላይ ከገፋኸው ሻለቃ ወደ ኋላ ሄዶ የግድግዳውን ቀለም ይልጠዋል። ከላላህለት ደግሞ ጣት የምታህል ክፍተት ትፈጠርና ጀርባህን ብርድ ይመታሃል። አባ መዝጊያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጋዜጣ እያነበበ፣ ሻይ እየጠጣ፣ አልፎ አልፎም ቆሞ እያንጎላጀ መደገፍ ለመደ። የደንብ ልብሱን ኮት ከሻንጣ አውጥቶ አስተኮሰው። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ይሰማራል፤ ምሳ ሰዓት እሜቴ ትተካዋለች፤ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ሥራ እስኪፈታ ድረስ ንቅንቅ አይልም። እሜቴ የሚላት ባለቤቱን ነው። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን አርባ ዓመት እሜቴ ሲላት እሷም ሌላውን ስም የረሳችው ይመስለኛል።

ደግሞም ዝም ብሎ መደገፍ ብቻ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

"ምን ፈለግሽ?" ይላታል እሜቴን።

"ቲማቲም።"

"ስንት?"

"ሁለት።"

አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ይላል። በሩ ይከፈታል። ልትወጣ ስትል እጇን አይቶ፣ "ሦስት ነው የያዝሽው" ይላል። እሜቴ አንዱን ትመልሳለች። የገዛ ቲማቲሟን። በዚህ ፍተሻ የተነሳ በቤቱ ሰርቆ የሚበላ ጠፋና ሁሉም ሰው ቀጠነ።

ጎረቤቱም ለመደው። ሁልጊዜ እቤት የሚገኝ፣ ሁልጊዜ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው የት ይገኛል? የተጣሉ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ወጥ ቤት ድረስ ገብተው ፊቱ ቆመው ይከሳሰሳሉ፤ እሱም ከሻለቃ ሳይለይ ይፈርዳል። ፍርዱ ለመረረው ሰው ፈቀቅ ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ይሰጠዋል። ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መጥታ፣ ቀሚስ እየዘመዘመች ሦስት ቀን ደገፈችለት። ልጁን ላግባ ብሎ የመጣውን መካኒክ የፈተነውም እዚያው ነው። "እስቲ ያዝልኝ፣ መጣሁ" ብሎት ወጣና ጎረቤት ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ካርታ ተጫወተ። ሲመለስ መካኒኩ እንዳቆመው ቆሟል፤ ሰዓቱን እንኳ አላየም። "ይህ ልጅ በር ያውቃል" አላት ለእሜቴ። ሠርጉ በሦስተኛው ወር ሆነ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አስራ አንድ ዓመት ሄደ። ባለፈው ዓመት ግን የአባ መዝጊያ እግር ማበጥ ጀመረ። ማታ ጫማው በግድ ይወልቃል፤ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀለበት የመሰለ ስርጉድ ትቶ ይወጣል። ልጁ ደግሞ ነርስ ናት፣ አይታ የምታልፍ አይደለችም።

"አባዬ፣ በቃህ" አለችው። "ሰባ አንድ ዓመት የሆነው ሰው ቀኑን ሙሉ አይቆምም።"

"ቁጭ ብዬ ልደገፍ?"

"ከነጭራሹ አትደገፍ።"

"ወተቱስ?"

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከባሏ ከመካኒኩ ጋር በፒክአፕ መጣች፤ ከኋላ በካርቶን የተጠቀለለ፣ ሰው የሚያክል ነገር ቆሟል።

አባ መዝጊያ ውጭው በር ላይ ወጥቶ ተቀበላቸው። ልምድ ነውና፣ "ወረቀት አለው?" አለ። መካኒኩ ወረቀቱን አሳየው። አገላብጦ አነበበው፤ እንከን ፈልጎ አጣ። እንግዲህ አስገቡት።

ካርቶኑ ሲገፈፍ አዲሱ ፍሪጅ ወጣ። ረጅም፣ ግራጫ፣ ድምፅ የሌለው። ብርጭቆ ቢቀመጥበት እንኳ የሚነቃነቅ አይደለም። ልጅቷ በሩን ከፈተችና በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ለቀቀችው። በሩ ትንሽ ያሰበ መሰለ፤ ከዚያ በራሱ ሄዶ ግጥም ብሎ ተዘጋ።

"አየህ አባዬ?" አለች ፊቷ በርቶ። "ሰው አያስፈልገውም።"

አባ መዝጊያ አየ። በራሱ የሚዘጋ በር አንዴ ከእንጀራው አባሮታል፤ ያኔ የሚገባበት ወጥ ቤት ነበረው። አሁን ከወጥ ቤት ከተባረረ ወዴት ነው የሚሄደው? ሳሎን ገብቶ ሶፋ ሊደገፍ ነው? ይህን ሁሉ አሰበ፤ በአፉ ግን፣ "ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን" አለ። ስጦታ ነዋ።

የሁሉንም አፍ ያስከፈተችው እሜቴ ናት። እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣችና አዲሱን ፍሪጅ ከላይ እስከ ታች አየችው። መልኳ ተለዋወጠ።

"ወደመጣበት መልሱት" አለች።

"ምን?"

"ሻለቃ ምን አጠፋ? እያቀዘቀዘ አይደለም እንዴ?"

"እማዬ፣ ይህን ቆርቆሮ አስር ዓመት ስትረግሚው የኖርሽው አንቺ አይደለሽም?"

"መርገም ሌላ፣ ማባረር ሌላ።"

ዱላ ቀረሽ ክርክር ሆነ። ልጅቷ የአባቷን ሱሪ ጫፍ ሰብስባ ያበጠውን እግር አሳየቻት። እሜቴ እግሩን አየችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አባ መዝጊያ አይቷል፤ ግን የዚያን ቀን ስለራሱ ብቻ ነበር የሚያስበው። መጨረሻ ላይ መካኒኩ ባመጣው ሐሳብ ተስማሙ። አንድ ሳምንት ሁለቱም ወጥ ቤት ይቀመጡ፤ በሳምንቱ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው መጥቶ አንዱን ይወስዳል።

ያ ሳምንት ለጠላትም አይስጥ። ሻለቃ ግራ፣ አዲሱ ቀኝ፣ አባ መዝጊያ ከነኮቱ መሃል። እሜቴ ዕቃውን ሁሉ ሻለቃ ውስጥ ትከታለች። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ትመጣና ሁሉንም ወደ አዲሱ ታዛውራለች። እሜቴ በማግስቱ ትመልሳለች። ቅቤው በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ተሰደደ። እሜቴ ደግሞ የአዲሱን በር ሆን ብላ ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች፤ እሱ ክፍት ሲሆን ቲር ቲር እያለ ይጣራል። "ሰማችሁ?" ትላለች። "አልቃሻ ነው። ይህን ነው እንግዲህ ያመጣችሁብን።"

ቀዝቃዛ የለመደ ሰው ግን ልቡ ወደ ቀለለው ያዘነብላል። ረቡዕ ዕለት እነዚያ የሚጣሉት ባልና ሚስት እንደልማዳቸው ተሳድበው መጡ። አባ መዝጊያ ጉሮሮውን ጠርጎ ትከሻውን አመቻቸ። ሚስትየው ክሷን ጀምራ ውሃ ጠማትና፣ ማንንም ሳታስፈቅድ የአዲሱን በር ከፍታ ቀዳች። ለባሏም ቀዳችለት። ሁለቱም ጠጡ። ተያዩ። "ብርዱ ጥርስ ይነቅላል" አለ ባል። "አይደል?" አለች ሚስት። ሳይፈረድባቸው ታርቀው ወጡ።

አባ መዝጊያ ያን ቀን እራት አልበላም።

ሐሙስ ሰው በሌለበት አዲሱን ሊደገፍ ሞከረ። ትከሻውን ዝቅ አድርጎ አሳረፈ፣ ተረከዙን አገጣጠመ። ምንም የለም። ሻለቃን ስትደገፈው መልሶ ይገፋሃል፤ እንደ ሰው ትታገለዋለህ። ይኸኛው ይገፋል እንዳይባል አይገፋ፣ ይሸሻል እንዳይባል አይሸሽ። ግድግዳ መደገፍ ነው። አባ መዝጊያ ኮቱን አስተካክሎ ወደ ሻለቃ ተመለሰ፤ ሌላ ቤት ገብቶ እንደወጣ ባል ዓይኑን ሰበረ።

ቅዳሜ ሲነጋ እሜቴም ደከማት መሰል መመለሱን ተወች። ልጅቷ ሁሉን ነገር አዛውራ ጨርሳለች። ሻለቃ ውስጥ የቀረው ግማሽ ሎሚ ነው። አባ መዝጊያ ያንን ግማሽ ሎሚ ደግፎ ቆመ። ጫማው ጠቦት፣ ማሰሪያውን ፈትቶ።

ልብስ ሰፊዋ ልትሰናበት መጥታ ነበር፤ ማንን እንደሆነ እሷም አታውቅም። "ምን አለበት ውስጡ?" አለችው።

"ሎሚ።"

"ሎሚ ብቻ?"

"ሎሚም ንብረት ነው" አለ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። የሚያስቅ አልነበረማ።

አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ከጓደኛው ጋር ረፋዱ ላይ ደረሰ። ወፍራም፣ ፊቱ ላብ በላብ የሆነ፣ ለወግ ጊዜ የሌለው ሰው ነው። ልጅቷና መካኒኩም መጥተዋል። "ከመውሰዴ በፊት ልየው" አለ ሰብሳቢው። አባ መዝጊያ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። የሻለቃ በር እንደልማዱ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ መብራቱ በሎሚዋ ላይ ቦግ አለ።

"በሩ አይዘጋም" አለች ልጅቷ። "ተበላሽቷል።"

ሰውየው ጎማውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ማጠፊያውን ነቀነቀ። ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሥር አየ። "ቀና አድርግልኝ" አለው ለጓደኛው። ጓደኛው የሻለቃን ፊት ትንሽ ከፍ አደረገለት፤ እሱ ሁለቱን የፊት እግሮች ተራ በተራ በጣቱ አዞራቸው። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ሊጥ የምታቦካ ሴት እንኳ ከዚያ የበለጠ ትደክማለች። ተነሳ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ በሩን ገፋ አድርጎ ለቀቀው።

የሻለቃ በር በራሱ ሄዶ ተዘጋ። ተዘግቶም ቀረ።

"በሩ ምንም አልነበረው" አለ ሰውየው። "ወደ ፊት አዘንብሎ ነው። ሰው ነው ያሳጠረው፤ እግር በራሱ አያጥርም፣ ፒንሳ የነከሰበት ምልክት አለው። ልውሰደው ወይስ ይቅር?"

አባ መዝጊያ በሩን ያየዋል። በሩ አይከፈትም። አስራ አንድ ዓመት ትከሻው ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ለቆ እንደ ጥርስ ነጥቷል።

መካኒኩ አሳለ። "እኔ... የዛኔ ያቆሙኝ ዕለት ነው የገባኝ፤ ተረከዜን ሳገጣጥም" አለ።

"ታውቅ ነበር?" አለች ሚስቱ።

"ልጅዎን ስጡኝ ብዬ በመጣሁበት አፌ 'ፍሪጅዎ ተንጋዷል' ልበላቸው? ከዚያ በኋላ ደግሞ... አባባ እንዲያ ኮታቸውን ለብሰው ሳያቸው ዝም አይነቅዝም አልኩ።"

"አዲስ ፍሪጅ ስንመርጥ ሦስት ሱቅ ስንዞር አብረኸኝ አልነበርክም?"

"ነበርኩ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ልነግርሽ ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን እያየች፣ "እኔም መርፌ ወድቆብኝ ጎንበስ ስል አይቼዋለሁ" አለች። "የሰው ቤት ገመና ነው፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።"

አባ መዝጊያ ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው። "ማን ነው ያሳጠረው?" አለ። ቁጣ የለውም ድምፁ፤ በር ላይ ሆኖ የማያውቀውን ሰው ስሙን ሲጠይቅ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። እሜቴ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ንጹሕ ድስት ታጥባለች። እሷን አልጠየቃትም። እሷን መጠየቅ ጭራሽ አልመጣለትም።

"ውሰደው" አለው ለሰውየው።

ሻለቃን ተሸክመው ሲወጡ በልማድ አስቆማቸው። ከፍቶ አየና ግማሹን ሎሚ አወጣ። "ይህ የቤቱ ነው" ብሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር ወጥቶ ሄደ።

የት ሄደ አይባልም። እግሩ ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው። የሳሙናው ሽታ ከሁለት መንገድ በፊት ጀምሮ ይቀበላል። ፋብሪካው በር ደርሶ ቆመ። በሩ ሰው መሆኑን አውቆ ወለል ብሎ ተከፈተ። የሚገባበት ጉዳይ ስለሌለው ወደ ኋላ አለ፤ በሩ ተዘጋ። እግሩን ሊያሳርፍ ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ በሩ ተከፈተ። አንዲት ውሻ መጣች፤ ለሷም ተከፈተላት፣ ገባች። አባ መዝጊያ ማንን እንደሚያስገባ የማያይ በር ሲያይ አንጀቱ ቢቃጠልም፣ ውሻዋን አስወጣለሁ ብሎ አልገባም። ማን ብሎ?

እሜቴ በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ደረሰች። ጨርቁ አሁንም እጇ ላይ ነው። አጠገቡ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"እኔ ነኝ" አለች።

በሩ ተከፈተ።

"አንቺ ምን?"

"ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።"

በሩ ተዘጋ። አባ መዝጊያ ወደሷ ዞረ። አርባ ዓመት አብሯት ኖሮ እንደዚያ ቀን ፊቷን አላያትም።

"መቼ?"

"ከዚህ ቦታ ለአራተኛ ጊዜ ጎትቼ በወሰድኩህ ማግስት" አለች። "ከሥራ ከወጣህ በኋላ በየጠዋቱ እዚህ ትመጣ አልነበር? እዚሁ ቆመህ 'ክፈት' ትለዋለህ፣ ይከፈታል። 'ዝጋ' ትለዋለህ፣ ይዘጋል። አንተ የታዘዘህ ይመስልሃል። ሠራተኞቹ በዚያ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው እየተጠቋቆሙ ይስቃሉ። አንተ አላየሃቸውም። እኔ አየኋቸው።" ጨርቁን በእጇ ጨመቀችው። "አንጀቴን በላኸው። ቤት ገባሁና ፒንሳህን አነሳሁ። ሻለቃን በመጥረጊያ እንጨት ፈልቅቄ ቀና አደረግኩትና እግሮቹን አሳጠርኳቸው። ከዚያ በሩ አልዘጋ አለ ብዬ ጮኽኩብህ።"

"'አንተ በር ታውቅ የለ፣ እስቲ ያዝልኝ' ነው ያልሽኝ።"

"አዎ።"

በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አባ መዝጊያ ፊቱ በቁጣ ደም መሰለ። "ታዲያ እኔን አስራ አንድ ዓመት በረዶ ላይ ለጥፈሽ ስትስቂብኝ ኖርሽ? አንቺም እንደነሱ?"

"እኔ?" አለች እሜቴ። "ምሳ ሰዓት የምተካህ እኔ አይደለሁም? አንተ ሳሎን ስትበላ ማን ያየኝ ነበር? ጠረጴዛው ሥራ ባይፈታ ወንበር በሩ ላይ ገፍቼ መቀመጥ አቅቶኝ ነው? ውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን አልተቀመጥኩም። አንተ የቆምክበትን ነገር ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም።"

አባ መዝጊያ ያበጡትን እግሮቹን ቁልቁል አየ።

"ዓይኔ ከሚያይህ ቦታ ልትቆምልኝ ፈልጌ ነው። ሌላ አልነበረም። እግርህ እንዲህ ሲሆን መቶ ጊዜ ልነግርህ አፌን ከፍቻለሁ። ነግሬህ ወደዚህ በር ብትመለስስ ብዬ መልሼ እዘጋዋለሁ።"

"ይኸው ተመለስኩ" አለ።

"ይኸው ተመለስክ።"

ውሻዋ ከውስጥ መጣች። በሩ ተከፈተላት፤ ወጥታ ሄደች። አባ መዝጊያ በሩን ለመጨረሻ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ሞከረ፤ እግሩ አብጦ አልታሰር አለው። እሜቴ ቁጭ ብላ አሰረችለት። ቀስ እያሉ ወደ ቤት ተመለሱ፤ በየመቶ እርምጃው ይቆማል፣ እሷም ትቆማለች።

ቤት ሲደርሱ ሰው ሁሉ ሄዷል። ልጅቷና መካኒኩ እየተጨቃጨቁ መውጣታቸው ከወንበሮቹ አቀማመጥ ይታወቃል። ወጥ ቤቱ ሰፍቶ ታየው። ሻለቃ የነበረበት ቦታ ወለሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ደምቋል፤ አጠገቡ ሁለት ጫማ የሚያህል ስፍራ ደግሞ ከሌላው ወለል ይበልጥ አልቋል። ያ የሱ ነው። አዲሱ ፍሪጅ በሩን ዘግቶ ቆሟል፤ ከማንም ምንም አይፈልግም።

አባ መዝጊያ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመ። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው አላወቀም። አንዱን ኪሱ ከተተ፣ አወጣው። ግራ ገባው፣ ፈራም። የፈራውን ነገር ደግሞ አልደበቀም፤ መደበቅ ሰልችቶታል።

"ታዲያ አሁን የት ልቁም?" አላት።

እሜቴ ከጠረጴዛው ሥር ወንበር ሳበች።

"አትቁም" አለች። "ተቀመጥ።"

በዚያ ወጥ ቤት ተቀምጦ አያውቅም። ጉልበቱ እንዴት እንደሚታጠፍ የረሳ ይመስል ቀስ ብሎ ወረደ። ከተቀመጠበት ሆኖ ወጥ ቤቱን አየው፤ መስኮቱ ከፍ ብሏል፤ እሜቴ ረዝማለች። አንድ ባልዲ ደፍታ እግሮቹን አነሳችለትና ባልዲው ላይ አሳረፈቻቸው። ኮቱን አወለቀችለት፤ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ አንድ ትሪ ሙሉ ምስር ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"ጠጠሩን ልቀም" አለችው። "እኔ ዓይኔ ደክሟል። ባለፈው በኔ ለቀማ አማችህ ጥርሱን ሊሰብር ነበር።"

መነጽሩን ከኪሱ ፈልጎ አደረገ። ምስሩን በጣቱ ዘርጋ ዘርጋ አድርጎ አጎነበሰበት። አንዲት ጠጠር አገኘ። በሁለት ጣቱ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳት፣ ግራና ቀኝ አያት፣ ከትሪው ውጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ሌላ ፈለገ። እሜቴ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ግማሹን ሲጨርስ ቀና አለ።

"ነገስ?" አላት።

"ነገ ባቄላ አለ።"

አባ መዝጊያ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ምስሩ ተመለሰ።